የአጋሰሱ ጉግስ

አያ ዘውገ ጉግስን ጨዋታ አይሉትም ነበር።

«ጨዋታ ማለት የገና ጨዋታ ነው» ይላሉ። «ሰው በገዛ እግሩ ሮጦ፣ በገዛ ትንፋሹ አለክልኮ ያሸንፋል። በጉግስ የሚሮጠው ፈረስ፣ የሚመሰገነው ሰው! ይህ ምኑ ጨዋታ ነው?»

ይህን የሚሉት ደግሞ አንድ ጊዜ ከጉና ግርጌ እስከ ደብረ ታቦር ስማቸው የተጠራ ጉግሰኛ ናቸው። በፈረሳቸው ስም አባ ነብሮ ይባሉ ነበር። በአንድ ጥምቀት ነብሮ እየጋለበ የፍልፈል ጉድጓድ ገብቶ ከነጌታው ተከሰከሰ። ፈረሱ ሞተ፤ እሳቸው አንካሳ ሆነው ቀሩ። «እኔ ምን ላድርግ? ፈረሱ ተሰናከለ። እስከ መጨረሻው ልጓሙን ጨብጬ አልለቀቅሁም» ይላሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። ከዚያ ወዲህ አባ ነብሮ ብሎ የጠራቸውን ሁሉ አኮረፉት። ሰውም ስሙን ተወው፤ ቀስ በቀስ ቤታቸውንም ተወው።

እቴነሽ ያደገችው በዚህ ቤት ነው። እናቷ ገና በልጅነቷ ሞታባታለች። ቤቱ ከመንደሩ ተነጥሎ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። አባቷ ውለው አድረው የሚያወጡት ቃል ቢኖር «በሩን ዝጊ» ነው። ክረምት ገብቶ ጭጋጉ ከጉና ሲወርድ ሳምንቱን ሙሉ ሌላ የሰው ድምፅ አትሰማም። ብቸኝነቱ ሲብስባት ከአጋሰሱ ጋር ታወራለች።

አጋሰሱ ገብስ ተጭኖ እብናት ገበያ ከመመላለስ በቀር ሌላ ነገር የማያውቅ፣ ጀርባው የተላጠ ዳማ ፈረስ ነው። የሟቹ የነብሮ ልጅ መሆኑን እንኳ ያስታወሰለት አልነበረም።

በመስከረም አንድ ቀን ወንዝ ወርዳ ታጠጣዋለች።

«ጠጣ፣ አንተስ ታድለሃል። የኔ ጥም በውኃ አይቆረጥም» ትለዋለች።

«ይመልስልሻል?» አለ አንድ ድምፅ።

ደንግጣ ዞረች። ከወይራው ሥር አንድ ወጣት ቦራ ፈረስ ይዞ ቆሟል። ይርጋ ይባላል፤ ደብረ ታቦር ከከተመው ንጉሥ መኳንንት የአንዱ ፈረስ ጠባቂ ነው። ባለፈው ጥምቀት በጌታው ቦራ ተቀምጦ አንድም ዘንግ ሳያርፍበት የወጣው እሱ ነበር።

«ይመልሳል» አለችው። «ከሰው ይሻላል፤ የነገሩትን ለሌላ አያወራም።»

«እኔስ አወራለሁ ብለሽ ነው?»

«አላውቅህማ!»

«ታውቂኛለሽ እንጂ። በጥምቀት ያሸነፍሁት እኔ አይደለሁ?»

«እሱን አባቴን ጠይቅ። ያሸነፈው ፈረሱ ነው ይሉሃል።»

ይርጋ ፈረሱን ትቶ ወደሷ ጠጋ አለ። «አንቺስ ማን አሸነፈ ትያለሽ?»

እቴነሽ ውኃውን አየች፤ አጋሰሱን አየች፤ መጨረሻ ላይ እሱን አየችው።

«እኔ ፈረሱን መቼ አየሁት» አለችና አፏን በኩታዋ ሸፈነች።

ከዚያ በኋላ ውኃ ሳያልቅ ውኃ መውረድ አመጣች። ይርጋም ቦራውን በየቀኑ ያጥበው ጀመር፤ የደብረ ታቦር ፈረስ ሁሉ እንዲያ ጸድቶ አያውቅም። ብዙ አያወሩም። አንዳንዴ ውኃው ሲወርድ እያዩ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። እቴነሽ ዝምታ ሁለት ዓይነት መሆኑን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

ኅዳር ላይ ይርጋ ሽማግሌ ላከ። የእቴነሽ የነፍስ አባት አባ ገብረኪዳን ቀደም ብለው ገብተው ተቀመጡ።

«አያ ዘውገ፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል። ድኻ ነው፤ ግን ጎበዝ ነው። በጥምቀት ማሸነፉን አገር አይቷል» አሉ አባ ገብረኪዳን።

«ያሸነፈው ቦራው ነው» አሉ አያ ዘውገ። «እንግዲያ ሽማግሌ መላክ ያለበት ቦራው ነው። ልጁ ምን ቤት ነው?»

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን አፈኑ። አባ ገብረኪዳን ግን አልሳቁም።

«ሰው የሌለበት ፈረስ ምን ይሆናል፣ አያ ዘውገ?»

«እንዲያ ነው? እንግዲያ በዚያ ይጫወት!» ብለው በበሩ ወደ አጋሰሱ ጠቆሙ። «በዚያ ተቀምጦ ካሸነፈ ሰውየው ነው እላለሁ። ልጄንም እሰጣለሁ።»

ጓዳ ሆና የምታዳምጠው እቴነሽ ልቧ ወረደ። አጋሰስ ለጉግስ! ከመከልከል ምን ለየው?

ይርጋ ሲነገረው አልተቆጣም። መጥቶ የአጋሰሱን አንገት ዳሰሰ፤ እግሩን አንድ በአንድ አነሳ። «ይህ ሁሉ ዘመን ሲጫን ያልወደቀ ፈረስ መሬት ያውቃል» አለ።

አዝመራው ካለቀ በኋላ ባዶው ማሳ የነሱ ሆነ። እቴነሽ ከድንጋይ ካቡ ጥግ ሆና ዘንግ ትወረውራለች፤ ይርጋ በጋሻው ይመክታል። አንዱን ሲስተው ትከሻውን አገኘችው።

«ገደልሁህ!» ብላ ሮጠች።

«ገና ሳታገቢኝ?»

ለአጋሰሱ ስምም አወጡለት፤ ቻለው። ጭነቱንም፣ ብርዱንም፣ የሷንም ወሬ ስለቻለ።

አንድ ቀን ቻለው ተደናቀፈ። ይርጋ ልጓሙን ጨርሶ ለቀቀለትና ወደ ኋላ ተለጠጠ። ፈረሱ አንገቱን ዘርግቶ ሚዛኑን አገኘ።

«ምነው ለቀቅኸው?»

«ሲሰናከል ልጓም የጨበጠ ፈረሱን ይገድላል። ያስፈራል፤ ግን መልቀቅ ነው።»

እቴነሽ የያዘችውን ዘንግ ወደ መሬት አወረደች። አባቷ ሁልጊዜ የሚሉትን «ልጓሙን ጨብጬ አልለቀቅሁም» አስታወሰች። ለይርጋ ግን አልነገረችውም።

ጥምቀት ደረሰ። ይርጋ በአጋሰስ ተቀምጦ ሜዳው ሲገባ ሰው በሳቅ አለቀ። «ገብሱን የት አራገፍኸው?» ያለውም ነበር። አያ ዘውገ በምርኩዛቸው ተደግፈው ከዳር ቆመዋል፤ ስንት ዘመን ረግጠውት የማያውቁት ሜዳ ነው።

አሳዳጆቹ ተነሡ። ቻለው ፈጣን አልነበረም። ይርጋ ግን ዘንጉ ከእጅ ሳይወጣ የት እንደሚያርፍ ያወቀ ይመስል አንዴ በጎኑ ተንጠለጠለ፣ አንዴ አንገቱ ላይ ተኛ፣ አንዴ ድንገት ገትሮ አሳዳጆቹን አሳለፋቸው። ሳቁ ቆመ። በመጨረሻው ዙር የቻለው የፊት እግር ጉድጓድ ገባ። እቴነሽ ጮኸች። ይርጋ ልጓሙን ለቀቀ፤ ፈረሱ በጉልበቱ መሬት ነክቶ ተነሣ። የተወረወረው ዘንግ ሁሉ መሬት በላው።

ሜዳው በእልልታ ሲናወጥ እቴነሽ ወደ አባቷ ዞረች። ምርኩዛቸው ወድቆ ሁለት እጃቸው ልጓም እንደያዘ ሰው ተጨብጧል። ቀስ ብለው ፈቱትና መዳፋቸውን አዩት። ፊታቸው አመድ መስሏል።

ከመኳንንቱ መካከል ግን የፈረሰኛው አለቃ አይቶ ኖሯል። «በአጋሰስ እንዲህ ያደረገ በፈረስ ምን ሊያደርግ ነው!» አለና ይርጋን ከጌታው ተቀበለው። ጦሩ ወደ ወሎ ሊዘምት ተነሥቷል። የሎሌ እምቢታ ደግሞ የት ይደርሳል።

ይርጋ በመሄጃው ዋዜማ መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«አባቴ፣ ቃልዎን ልወስድ ነው የመጣሁ። ቃል ካለኝ እመለሳለሁ።»

አያ ዘውገ ቀና ብለው አላዩትም። «ያሸነፈው የነብሮ ደም ነው። ፈረሱ ከአባቱ ወርሶ ነው የሮጠ። ሰውየው ምን አደረገ?»

ይርጋ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። እቴነሽን አያት፤ ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ሄደ። ዳገቱን ሲወጣ አንዴም አልዞረም፤ ቢዞር እግሩ እምቢ እንደሚለው አውቋል።

«አባቴ» አለች እቴነሽ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናግራቸው አታውቅም። «ፈረሱ ቢሆን ኖሮ ያሸነፈው፣ ፈረሱን ይወስዱት ነበር። የወሰዱት ሰውየውን ነው።»

አባቷ ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ። «በሩን ዝጊ» እንኳ አላሉም።

ዓመቱ ረዘመ። ከወሎ የሚመጣ ሁሉ ስለ ሞተና ስለ ቆሰለ ያወራል፤ ይርጋን ግን አይቻለሁ የሚል የለም። እቴነሽ ወንዝ እየወረደች ከቻለው ጋር ማውራት ሞከረች። አልሆነላትም። ብቻዋን የኖረች ሰው ነበረች፤ ሰው ካወቀች በኋላ ያለው ብቸኝነት ግን ሌላ ነው፤ ስም አለው።

ጥምቀት ተመልሶ መጣ። ጠዋት አያ ዘውገ ሳይነገራቸው የነብሮን አሮጌ ኮርቻ አውርደው ቻለውን ጫኑት። ከልጃቸው ጋር እያነከሱ ሜዳው ወረዱ። ደምሴ የሚባለውን የመንደሩን ፈጣን ጉግሰኛ ጠርተው «ና፣ በዚህ ተጫወት» አሉት።

ደምሴ ደስ ብሎት ወጣ። ያው ፈረስ፣ ያው ደም፣ ያው ሜዳ ነው። ጎሰመው፤ ጮኸበት። ቻለው ራሱን ደፍቶ፣ እብናት ገበያ እንደሚሄድ ሁሉ፣ ደርበብ እያለ ሜዳውን አቋረጠ። ዘንጉ በደምሴ ጋሻም በጀርባውም ላይ ዘነበ። ሰው ሳቀ።

አያ ዘውገ አልሳቁም። እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ።

«ሰውየው ነበር» አሉ። «ያኔም ሰውየው ነበር። ነብሮ ምን አጠፋ?»

እቴነሽ ክንዳቸውን ያዘቻቸው።

«ቃሌን ሰጥቼዋለሁ፣ ልጄ። ሰው ይስማ። ለይርጋ ሰጥቼዋለሁ።»

«ማን ይቀበልዎት፣ አባቴ?» አለች ቀስ ብላ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ቻለውን እሷ ትስበዋለች። ወይራው ጋ ሲደርስ ፈረሱ ቆመ። ጆሮውን አቁሞ ይርጋ ወደ ሄደበት ዳገት ያይ ጀመር። አባቷም ከኋላ እያነከሱ ደርሰው አጠገቧ ቆሙ።

ፀሐይ እየዘቀዘቀች ነበር። እቴነሽ ልጓሙን አልጎተተችውም።