አሥራ ሦስተኛዋ ፊርማ

አቴንዳንሱ አምለሰት ጋ ሲደርስ ሁለት ጊዜ ፈረመች። አንዱን ለራሷ፣ አንዱን ለማርያማዊት።

አዲስ ነገር አልነበረም። ሁለቱ ልጆች ከማንኩሳ ወዲያ ካለ አንድ መንደር መጥተው፣ ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይማራሉ። ዓርብ ዓርብ አንደኛዋ በተራ ወደ ቤት ሄዳ የሁለቱንም ስንቅ ታመጣለች፤ በየክፍሉም የቀረ ተማሪ ለሄደ ጓደኛው ይፈርማል። ከገጠር የሚመጣው ተማሪ አብዛኛው እንዲህ ነው የሚኖረው። ዛሬም ማርያማዊት ባዶ ማዳበሪያዋን አጣጥፋ በምሳ ሰዓት ስትወጣ «ፈርሚልኝ» አላለችም። መናገር አያስፈልግማ።

ልዩነቱ ይህኛው ወረቀት የክፍል አቴንዳንስ አለመሆኑ ነው። የተማሪዎች ፓርላማ ነው።

ፓርላማው ከየክፍሉ አንድ አንድ ሆነው የተመረጡ ሃያ አምስት አባላት አሉት። ደንቡን የጻፉት የዜግነት ትምህርት መምህሩ ክንፈሚካኤል ናቸው። «ጻፉት» እንኳን ትንሽ ይበዛል፤ ሕገ መንግሥቱን ፊታቸው ዘርግተው «አምስት ዓመት» የሚለውን «አንድ ዓመት»፣ «ሕዝብ» የሚለውን «ክፍል» እያደረጉ ነው የገለበጡት። ሲገለብጡ አንዳንድ ነገር አምልጧቸዋል። ለምሳሌ የትምህርት ቤቱ ፓርላማ ዛሬም ድረስ ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን የማጽደቅ ሥልጣን አለው። እስካሁን የቀረበለት ስምምነት ግን የለም።

አፈ ጉባኤው ናሁሰናይ ነው። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ የከተማ ልጅ፣ ለስብሰባ ቀን ብቻ የሚያስራት ከረባት ያለችው። መዶሻ ስለሌለ ጠረጴዛውን በዳስተር መታ፤ ጠመኔው ብን ብሎ ከረባቱ ላይ አረፈ።

«አሥራ ሦስት አባላት ተገኝተዋል» አለ በቴሌቪዥን ድምፅ። «ከግማሽ በላይ ስለሆነ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። አጀንዳችን አንድ ነው። የፈተና ወቅት እየቀረበ በመሆኑ የዘንድሮው ምርጫ ቀርቶ፣ የዚህ ምክር ቤት የሥራ ዘመን እስከሚቀጥለው ዓመት እንዲራዘም ነው።»

አምለሰት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ደንቡ የሚለው ሌላ ነው፤ የምክር ቤቱ ዘመን ከማለቁ ከአንድ ወር በፊት አዲስ ምርጫ ተካሂዶ መጠናቀቅ አለበት። ደግሞም ማርያማዊት በዚህ ምርጫ አሸንፋ አፈ ጉባኤ ልትሆን ሦስት ሳምንት ሙሉ ንግግር ስታጠና ከርማለች። ማታ ማታ ከመተኛታቸው በፊት ስለምትለማመድ አምለሰትም በቃሏ ይዛዋለች። የንግግሩ ዋና ነጥብ «ስብሰባ ከዓርብ ወደ ረቡዕ ይዛወር፤ ዓርብ ገጠሩ ሁሉ ስንቅ ሊያመጣ ይሄዳል» የሚል ነው።

አምለሰት አንገቷን አዙራ ቆጠረች። ለስብሰባው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የተቀመጡት አሥራ ሁለት ናቸው። አሥራ ሦስተኛዋ አሁን ማዳበሪያ ይዛ መንገድ ላይ ናት፤ በሌለችበት ተቆጥራ የራሷን ምርጫ ልታስቀር ነው።

ከጎኗ ወደተቀመጠው ወደ ረዳ ዘንበል አለች። «አሥራ ሁለት ነን እኮ።»

«ወረቀቱ አሥራ ሦስት ይላል።»

«ቁጥሩን ያበዛሁት እኔ ነኛ።»

ረዳ ዞሮ አያት። «እንግዲያው አፍሽን ያዢ። አንቀጽ አሥራ ስምንትን ረሳሽው? በሐሰት የፈረመ አባል መራጮቹ ፊት ቀርቦ ከወንበሩ ይነሳ አይነሳ ተብሎ ድምፅ ይሰጥበታል። ደግሞ አታካብጂ፣ አንድ ፊርማ ናት።»

አልረሳችውም። የተመረጠችው በሦስት ድምፅ ብልጫ ነው። ክፍሏ ውስጥ «የተከበሩ አምለሰት» የሚሏት ለቀልድ ነው፤ እሷ ግን ደስ የሚላት ከልቧ ነው። የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት በር መቀርቀሪያ እንዲሠራለት ሁለት ወር ተከራክራ በመጨረሻ የተሠራ ዕለት፣ ማንም ሳያያት ሄዳ ሦስት ጊዜ ዘግታ ከፍታዋለች።

«የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ» አለ ናሁሰናይ።

አምለሰት እጇን አወጣች።

«የተከበሩ አምለሰት፣ አመሰግናለሁ። አንድ ድጋፍ…»

«ድጋፍ አይደለም። የሥነ ሥርዓት ጥያቄ ነው።» ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ቀጠነባት። «ማርያማዊት የለችም። የፈረምኩላት እኔ ነኝ።»

«የት ሄዳ ነው?»

«ስንቅ ልታመጣ።»

«የማን ስንቅ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«የሁለታችንም።»

ሳቁ። ናሁሰናይ የቴሌቪዥን ድምፁን ትቶ ጎንበስ አለላት። «አምሊ በናትሽ፣ ሰኞ ትናገሪዋለሽ። አምስት ደቂቃ ነው የቀረን።»

ጥግ ላይ ሆነው የፈተና ወረቀት ሲያርሙ የነበሩት መምህር ክንፈሚካኤል ቀና አሉ። «ናሁሰናይ፣ ስንት ናችሁ?»

«ወረቀቱ ላይ ቲቸር…»

«ወረቀቱን አልጠየቅሁህም። ሰው ቁጠር።»

ናሁሰናይ በዳስተሩ እየጠቆመ ቆጠረ። ራሱን ረስቶ አሥራ አንድ አለና፣ ራሱን ጨመረ። «አሥራ ሁለት።»

«እንግዲህ ይሄ ስብሰባ አይደለም። አሥራ ሁለት ልጆች ዓርብ ከሰዓት ቤተ መጻሕፍት መጥተዋል ማለት ነው። ግሩም ልማድ ነው፤ በሉ መጽሐፍ እያነሳችሁ አንብቡ።» ወደ አምለሰት ዞሩ። «ያንቺን ጉዳይ ሰኞ ክፍልሽ ያየዋል። አንቀጹን ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ ቲቸር።»

እሑድ ከሰዓት ማርያማዊት ድርቆሹንና ሽሮውን ተሸክማ ገባች። ነገሩን ስትሰማ ማዳበሪያውን ከጀርባዋ ሳታወርድ ቆማ ቀረች።

«ቆይ ቆይ። ባትናገሪ ኖሮ የናሁሰናይን ሥልጣን የማራዝምለት እኔው ነበርኩ?»

«በሌለሽበት።»

ማርያማዊት እየሳቀች ግድግዳውን ተደገፈች። ሳቋ ሲበርድ ግን «አንቺስ?» አለች።

«ነገ ድምፅ ይሰጡብኛል።»

«ክፍላችሁ ገብቼ ልቀስቅስልሽ?»

«ያንቺ ክፍል አይደለም። ደንቡ አይፈቅድም።»

«መብላትስ ይፈቅዳል?» ማርያማዊት ማዳበሪያውን ፈታችው። እናቷ የላኩት ቆሎ ገና ሽታው አልጠፋም ነበር። እየቆረጠሙ ንግግሩን አንዴ ተለማመዱት፤ አምለሰት ናሁሰናይን ሆና ብዙ አስቸገረቻት።

ሰኞ ጠዋት መምህር ክንፈሚካኤል ዘጠነኛ «ለ» ክፍል የብስኩት ካርቶን ይዘው ገቡ። ጥያቄ ያለው እንዲጠይቅ ዕድል ሰጡ። ከፊት ወንበር ጌጥነሽ ተነሳች።

«ለሌላ ሰውም ፈርመሽ ታውቂያለሽ?»

«አዎ» አለች አምለሰት። «በክፍል አቴንዳንስ ላይ። ለአንቺ፣ ሁለት ጊዜ።»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ጌጥነሽ «እሱ እንኳ ሌላ ነው» እያለች ተቀመጠች። መምህሩ ጌጥነሽን ቀና ብለው አይተው፣ የድምፅ መስጫ ወረቀት ማደል ጀመሩ። ትንንሽ ቁራጮች ናቸው፤ በአንድ በኩል «ትነሳ»፣ በሌላው «ትቆይ» የሚል አላቸው። አንዱን ለአምለሰት ሰጧት።

«እኔም?»

«የዚህ ክፍል ተማሪ አይደለሽም?»

ተራዋ ሲደርስ፣ ድምፅ መስጫ እንዲሆን ከግድግዳው ፈንጠር ተደርጎ ከቆመው ጥቁር ሰሌዳ ጀርባ ገባች። ጠባብ ነበር፤ ክርኗ ግድግዳውን ነካ። የሚያምረው «ትነሳ» ማለት ነው ብላ አሰበች። ራሷን የቀጣች ትባላለች፣ ይወራላታል፤ ምናልባት ናሁሰናይም ያዝንላት ይሆናል። ግን የሚያምረውን ሳይሆን የምታስበውን ነው የተጠየቀችው። ፈርማለች፤ ጥፋት ነው። ተናግራለች፤ ማንም አላስገደዳትም። ደግሞ መቀመጫውን ትፈልገዋለች፤ መፈለግ በየትኛውም አንቀጽ አልተከለከለም።

«ትቆይ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ወረቀቱን ሁለት ቦታ አጥፋ ካርቶኑ ውስጥ ከተተችና፣ ቀጣዩ መራጭ እንዲያልፍ ወደ ጎን ጠጋ አለችለት።