የአከራዩ ሦስተኛ ምክር

አቶ መዝገቡ ሊያከራዩት በነበረው አዲስ የጭቃ ክፍል ውስጥ፣ ፍራሽ ላይ በጎናቸው እንደተጋደሙ ሞተው ተገኙ። አጠገባቸው የከሰል ማንደጃ አለ፤ አመዱ በርዷል።

ኢንስፔክተር ሸዋረግ በሩ ላይ ቆማ አንጀቷ አረረ። በመካነ ሰላም ቤት የሚያከራየውን ሁሉ ሲመክሩ የኖሩት እኮ እሳቸው ናቸው! እሷም ሁለት ክፍል ስትሠራ፣ ሳትጠራቸው መጥተው ነግረዋታል፦ «ያላደርሽበትን ክፍል አታከራዪ። ያለ አየር ቀዳዳ ግድግዳ አታቁሚ። በዓይንሽ ያላየሽውን ተከራይ አታስገቢ።» እውነትም ተከራይ ሊገባ ሲል፣ በዋዜማው ከሰል አንድደው፣ ምርጊቱን እያደረቁ እዚያው ያድሩ ነበር። ይህን የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም።

«ምን ያስመረምራል?» አለ በጠዋት ከገጠር የደረሰው ወንድማቸው አለኸኝ። «ገዳይዋ ይቻትና! ትናንት ማታ በኪራይ ጭማሪ ስትጨቃጨቅ ጎረቤት ሰምቷል። ከሰሉንም የሰጠች እሷ ናት።»

የግቢው ነባር ተከራይ፣ መምህርት የኔአለም፣ እጇ በካቴና ታስሯል። የስድስት ወር ልጇ በጎረቤት እቅፍ ሆኖ ይንሰቀሰቃል። አዛዡ ደግሞ «ያለቀ ጉዳይ ነው፤ የዘጠኝ ሰዓቱ መኪና ደሴ ይዟት ይሂድ» ብሎ ስልኩን ዘግቷል። ሬሳው ሳይነሣ ፍርዱ አለቀ! ሸዋረግን ያበገናት ይኸው ነበር።

«አብሽሪ» አለቻት። «ከሰሉን ለምን ሰጠሻቸው?»

«ለመኑኝ፣ ሰጠሁ። ተጨቃጭቀን ነበር፣ አልዋሽም። ግን እዚህ እንደሚያድሩ የሰማሁት ያኔ ነው። ሦስት ቀን አቀስታ እናቴ ጋ ሰንብቼ፣ ትናንት ማታ በሚኒባስ ነው የገባሁት። ረዳቱን ይጠይቁ!»

ረዳቱ ተደወለለት፤ እውነቷን ነው። ሸዋረግ ወደ ጓሮ ዞረች። ከቆርቆሮው በታች ያለው የአየር ቀዳዳ በጭቃ ተደፍኗል። ከውስጥ የማዳበሪያ ኮርኒስ ስለሚጋርደው አይታይም። መሰላል ላይ ወጥታ በጥፍሯ ቧጠጠችው፤ ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«እኔ እንኳ ተከራይ አግኝቼላቸው ነበር» አለ ደላላው አስፋው ከታች ሆኖ። «ከኩታበር የተዛወረ የመንግሥት ሠራተኛ። ዛሬ ጠዋት ሊገባ።»

«መቼ ነገርካቸው?»

«አራት ቀን ይሆነዋል።»

ወደ አለኸኝ ዞረች። «አቶ መዝገቡ ግቢውን ለመሸጥ አስበው ያውቁ ነበር?»

«እሱ እቴ! አስፋው ሁለት ጊዜ ገዢ አመጣለት፤ ‹በቁሜ አይሆንም› ብሎ አባረረው። እኔ ብሆን ድሮ ሸጬው ነበር።»

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የደሴው መኪና ደጅ ላይ ጡሩምባውን ያንባርቃል።

«ኤጭ! ዝም በልልኝ!» ብላ ሾፌሩ ላይ ጮኸች። «እናንተም ስሙ። የገደላቸው ከሰል የሰጠቻቸው አይደለችም፣ ቀዳዳውን የደፈነው ነው። ያን ያህል ጭቃ በአንድ ሌሊት አይደርቅም፤ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። የኔአለም ያኔ አቀስታ ነበረች።»

«እንግዲያ ማን?» አለ አለኸኝ።

«እዚህ የሚያድሩበትን ሌሊት ቀድሞ ያወቀ። ሽማግሌው እዚህ የሚያድሩት ተከራይ ሊገባ ሲል ብቻ ነው። እሳቸውን ለማሳደር ‹ተከራይ መጣ› ማለት ይበቃል። ቀኑን የቆረጠው አስፋው ነው። ወንድማቸው ከወረሰ ግቢው እንደሚሸጥ፣ የድለላው ገንዘብም ለእሱ እንደሚገባ ያውቃል።»

አለኸኝ ጋቢውን አፉ ላይ ጫነ።

«ግምት ነው!» አለ አስፋው።

«ይሁን። ጠዋት የሚገባው ሰው እስካሁን የለም። በል ደውልለት፤ ሐዘን ገጥሞናል፣ ዕቃህን አትጫን በለው። ድምፁን አሰማን።»

አስፋው ስልኩን አወጣ። ጣቱ እላዩ ላይ ቆመ። ለማን ይደውል?

«ኔትወርክ የለም» አለ በመጨረሻ።

ይህን ሲል የሸዋረግ ስልክ ጮኸ። አዛዡ ነበር፣ መኪናው ለምን እንደዘገየ ሊጠይቅ።

«ተነሥቷል ጌታዬ» አለችው። «ተሳፋሪው ተቀይሮ ነው።»

ካቴናው ከየኔአለም እጅ ወጥቶ አስፋው እጅ ገባ። ልጁም እናቱ ጡት ላይ ዝም አለ። ሸዋረግ ግን ንዴቷ አልበረደላትም። ወደ ክፍሉ ተመልሳ በነጠላ የተሸፈነውን አስከሬን እያየች፣ «ምነው ጋሼ መዝገቡ» አለች። «አንድ ጊዜ እንኳ ‹ሰውየውን አሳየኝ› ቢሉት!»