ቆርቆሮው ላይ ያለው

አስያ የጥርስ ሐኪሙን ጣት ነከሰችው። ከዚያ አፏን ገጠመች፤ አልከፍትም አለች።

ዶክተር ዕዝራ ጓንቱን አውልቆ ጣቱን አገላብጦ አየው። አልደማም። «ጥርሷስ ጠንካራ ነው» አለ እየሳቀ። ማንም አልሳቀለትም።

አስያ ትልቁ ወንበር ላይ ኩርምት ብላለች። ገና ስድስት ዓመቷ ነው። ግራ ጉንጯ አብጦ ዳቦ የጎረሰች መስላለች፤ ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል። እህቷ ሙቢና አጠገቧ ቆማለች። እናታቸው ዙቤዳ ዕቃ ልታመጣ ዴራ ገበያ ወርዳለች፤ ስለዚህ ከትምህርት ቤት ቀርታ ያመጣቻት ሙቢና ናት።

መስኮቱ ነጭ ነው። ከጭላሎ ተራራ የወረደው ጉም ግቢውን ውጦታል። ይዟቸው መጥቶ በሩ ላይ የቆመው ጋሪ አይታይም፤ የፈረሱ ቃጭል ብቻ ይሰማል።

«ምን አልኳት?» አለ ዶክተሩ ወደ ሲስተር እታገኘሁ ዞሮ። «ያችኑ የማውቃትን ኦሮምኛ ነው ያልኳት።»

ከጎጃም ተመድቦ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። ለልጆች ብሎ መጀመሪያ ያጠናው ያችን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አሁንም ጎንበስ ብሎ፣ ድምፁን አለስልሶ ደገማት።

«ኢልካን ኬ ናን ላካኣ።»

ጥርስሽን እቆጥራለሁ ማለት ነው። ቆጥሬ ብቻ እተውሻለሁ፣ አትፍሪ ለማለት ነው። ሌሎቹ ልጆች ይህን ሲሰሙ ይረጋጋሉ። አስያ ሁለት እጇን አፏ ላይ ደረበች።

ሙቢና ክው አለች። ይህን ቃል አስያ ከዶክተሩ በፊት ከሷ ሰምታዋለች።

ነገሩ ባለፈው ሳምንት ነው። ሙቢና ቲቶሪያል እየሄድኩ ነው ብላ ስታዲየም ሩጫ መለማመድ ከጀመረች ወር አልፏታል። አሠልጣኙ ቱፋ ለቅዳሜው የሯጮች ምርጫ ስሟን አስገብቷል። እናቷ ግን የዓመቱ ፈተና ሳያልፍ ሩጫ የሚባል ነገር እንዳልሰማ ብላለች። አስያ ደግሞ ስታዲየሙ በር ላይ አየቻት።

«ለእማዬ እናገራለሁ» አለች።

ሙቢና አንድ ነገር መፍጠር ነበረባት። የወተት ጥርስ ሲወልቅ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወረወርና ቁራ እንደሚወስደው አስያ ታውቃለች። ሙቢና ከዚያ ቀጠለችበት። ቁራ አይደለም አለቻት። ቆርቆሮው ላይ ያለው ሌላ ነው። ወሬ የምታቀብል ልጅ አፏን ስትከፍት ያይና ጥርሷን ይቆጥራል። ቆጥሮ ሲጨርስ ይወስደዋል።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ሠራ። ልጅቷ ጸጥ አለች። ጥርሷን ሲያማት እንኳ አልተናገረችም፤ ቤት ውስጥ የታወቀው ጉንጯ ሲያብጥ ነው።

ከላይ ቆርቆሮው ኳ አለ።

«ቁራ ነው» አለ ዶክተሩ።

«ድመት ናት» አለች ሲስተር እታገኘሁ እኩል።

ሁለቱም ቀና ብለው አላዩም። ኮቴው ትንሽ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይሄዳል።

«ዶክተር፣ ዘበኛውን ጉቱን ልጥራው?» አለች ሲስተር። «ይዘናት ይነቀል።»

«ዛሬ ካልተነቀለ እብጠቱ ወደ ዓይኗ ይወጣል። ያኔ አዳማ ነው የምልካት።» ዶክተሩ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ስልክ ጎንበስ አለ። እናቲቱ ከቅድም ጀምሮ መስመር ላይ ናት፤ የገበያ ጫጫታ ይሰማል። «ሰምተዋል፣ እናት?»

«ያዟት እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል» አለች ዙቤዳ። «ሙቢ፣ እህትሽን አደራ።»

ሲስተር በሩን ከፍታ ዘበኛውን ተጣራች። ለሙቢናም «አንቺ እግሯን ያዢ፣ የኔ ልጅ» አለቻት።

ሙቢና የአስያን ቁርጭምጭሚት ያዘች። በረዶ ነው። ውስጡ የሆነ ነገር ይመታል። የደም ሥር መሰላት። ከዚያ አዳመጠች። ቆርቆሮው ሲረገጥ እግሯ ይነዝራል፤ ሲቆም ይቆማል።

ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «አስያ፣ ውሸቴን ነው እኮ። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ማንም የለም።»

አስያ ጥርሷን ሳታላቅቅ፣ በጣቶቿ መሃል፣ «እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሏል» አለች።

«ማነው እንዲህ ያለሽ?»

«ያነክሳል።»

ሙቢና ስለ እግሩ አንድም ነገር አልነገረቻትም። ግን ከላይ ያለው እውነትም አንዱን ይረግጣል፣ ሌላውን ይጎትታል።

«አንቺም ዋሽተሻል» አለች አስያ። «ያንቺንም ሊቆጥር ነው።»

ጉቱ ገባ። ካፖርቱ በጉም ርሷል። ቆቡን አወለቀና ወንበሩን አየ። «ለዚች ጉንዳን ነው የጠራችሁኝ? እኔ ወይፈን መስሎኝ።» እጁን ሊታጠብ ወደ ቧንቧው ሄደ።

ሙቢና እጁን አየችው፤ አካፋ ያህላል። ይይዛታል፣ ጥርሱ ይነቀላል፣ ያልቃል። እናቷ ምንም አታውቅም። ቅዳሜም ትሮጣለች። አስያ ግን ተይዛ፣ አፏ በግድ ተከፍቶ፣ ያ ነገር ከላይ ሆኖ እየቆጠራት ነው ብላ እንዳመነች ትቀራለች።

«ቆይ ጋሽ ጉቱ» አለች። ወደ ስልኩ ሄደች። «እማዬ፣ ትሰሚኛለሽ?»

«አለሁ።»

«ቲቶሪያል አልሄድም። ስታዲየም ነው የምሄደው። አስያ አይታኛለች። እንዳትነግርሽ ብዬ፣ አፍሽን ከከፈትሽ ጥርስሽ ተቆጥሮ ይወሰዳል ብዬ አስፈራራኋት። እንዲህ የሆነችው በኔ ነው።»

ስልኩ ውስጥ አንድ ሰውዬ በሽንኩርት ዋጋ ይከራከራል። ዙቤዳ፣ «ከመቼ ጀምሮ?» አለች።

«ከወር በላይ ነው።»

«ቅዳሜ የትም አትሄጂም። ቤት ጠብቂኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። ዶክተር ዕዝራ ከንፈሩን ነከሰ። «እኔ ደግሞ እቆጥራለሁ እያልኩ...» አለና ተወው።

አስያ እጆቿን አውርዳለች፤ አፏ ግን እንደተገጠመ ነው። ዓይኗ ኮርኒሱ ላይ ነው። ኮቴው ከጣራው ጫፍ ተነሳ። አንዱን እየረገጠ፣ ሌላውን እየጎተተ መጣና ልክ ከወንበሩ በላይ ቆመ። ከኮርኒሱ ስንጥቅ ቀጭን አቧራ ወረደ፤ የተደረደሩት መሣሪያዎች ላይ አረፈ። ሲስተር እታገኘሁ አማተበች።

«ነገርሻት» አለች አስያ በጥርሷ መሃል። «መጣ።»

ሙቢና ብብቷን ይዛ ከወንበሩ አወረደቻትና ራሷ ወጣችበት። የወንበሩ ሌዘር በአስያ ትኩሳት ሞቋል።

«ዶክተር፣ መጀመሪያ የኔን ይቁጠሩ።»

«ምን?»

«ጥርሴን። ጮክ ብለው። ያችኑ ቃል ብለው ይጀምሩ።»

ራሷን ወደ ኋላ ጣለች። ከላይዋ ዝናብ ያወየበው ቡናማ ክብ አለ። አፏን ወደሱ ከፈተች።

ዶክተሩ ትንሽ አመነታ። አዲስ ጓንት አጠለቀ። «ኢልካን ኬ ናን ላካኣ» አለ። «ቶኮ። ለማ። ሰዲ። አፉር...» ከአራት በላይ ኦሮምኛው ጠፋበት። «አምስት። ስድስት።»

በየቁጥሩ ከላይ ኳ ይላል። አንዴም አላዘገየም፣ አንዴም አልቀደመም። ጉቱ እጁ እየተንጠባጠበ ቆሟል። አስያ የእህቷን እጅጌ ይዛ ከዶክተሩ ጋር በከንፈሯ ትቆጥራለች። ሃያ ላይ አቆመች፤ ከዚያ በላይ ገና አልተማሩም። ዶክተሩና ከላይ ያለው ብቻ ቀጠሉ።

«ሃያ ሰባት። ሃያ ስምንት። አለቀ።»

ኮቴው ጸጥ አለ። የፈረሱ ቃጭልም አይሰማም። ሙቢና ጥርሷን በምላሷ ዳሰሰች፤ ከዳር እስከ ዳር፣ ቀስ ብላ። ሁሉም አሉ።

አስያ በእግሯ ጣቶች ቆማ የእህቷን አፍ ውስጡን አየች። ከዚያ ኮርኒሱን አየች። ከንፈሯ በትንሹ ተላቀቀ።

ሙቢና አፏን አልዘጋችም። ወደ ወንበሩ ጠርዝ ጠጋ አለችና አጠገቧ ያለውን ባዶ ቦታ በመዳፏ መታ መታ አደረገች።