የጠፋው ጠባሳ

ፎቶውን እንዳየሁት ደሜ ፈላ።

አባቴ፣ እናቴ፣ ወንድሜ ኤልያብ፣ ሁሉም እነሱው ናቸው። መሃል ላይ የቆመችው ግን እኔ አይደለሁም። ከግራ ቅንድቤ ተነስቶ ጉንጬ ላይ የሚያበቃው ጠባሳ የለም። ፊቴ እንደ ሳሙና ማስታወቂያ ለስልሷል።

ጠባሳውን ያተረፍኩት ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ 18 ማዞሪያ ላይ ሚኒባስ ገጭቶኝ ነው። ሕፃናት መንገድ በሰላም እንዲሻገሩ የሚሠራውን የሰፈራችንን ማኅበር የተቀላቀልኩትም ለዚሁ ነው። ለማኅበሩ መርጃ ቅዳሜ ቅዳሜ ቸርቻችን ግቢ ቤተሰቦችን ፎቶ የሚያነሳልን ኤልናታን ነበር። አልዋሽም፣ በሦስት ቅዳሜ ወደድኩት። ሌላው ሰው ሲያዋራኝ መሬት መሬት ያያል። እሱ ዓይን ዓይኔን ነበር የሚያየኝ።

ጦር ኃይሎች ያለው ስቱዲዮው ድረስ ሄጄ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት።

«ማን አጥፋልኝ አለህ?»

ፎቶውን አንስቶ በእጅጌው መጥረግ ጀመረ።

«አፍ የለህም? የተገጨ ሰው ፊት ያስጠላሃል?»

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ራዕይ። ይቅርታ።»

«ይቅርታህን እዛው!» በሩን ድርግም አድርጌ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ እናቴ የዚያኑ ፎቶ ሌላ ቅጂ ግድግዳ ላይ እየሰቀለች ነው።

«ደስ አይልም? እኔ ነኝ ያስጠፋሁት» አለች። «ዓለም ባንክ ሰፈር ያሉት እነ መሸሻ ለወንድ ልጃቸው ሚስት እየፈለጉ ነው፤ ፎቶሽን ይዩት ብዬ። ፎቶ አንሺው ልጅማ እምቢ ብሎኝ ነበር። አልቅሼ ለመንኩት። እንዳትነግራትም አልኩት።»

«ሲያዩኝስ ምን ልትያቸው ነው?»

«እሱን ጌታ ያውቃል።»

እዛው ቆሜ ስልኬን አወጣሁ። ለኤልናታን ደወልኩ። «ነገ ያልነካካኸውን ፎቶ ለእናቴ አምጣላት። አለዚያ ዓይንህን እንዳላየው!»

በማግስቱ መጣ። እኔ አሁንም እንዳኮረፍኩ ነኝ፤ ውሃ እንኳን አላቀረብኩለትም።

«እትዬ ዘመነች» አለ፣ ፎቶውን በሁለት እጁ እየሰጣት። «ያኛውን ሠርቼ ስጨርስ ልጅዎን አላወቅኳትም። ከፈቀዱልኝ ሽማግሌ ልላክ። የምፈልገው ግን ይቺኛዋን ነው።»

ሄጄ ውሃ ቀዳሁለት።

እናቴ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ጣቷን ጠባሳው ላይ አሳረፈች።

«ያን ቀን ዳቦ ግዢ ብዬ የላክኋት እኔ ነኝ» አለች። «ሳላየው ልኑር ብዬ ነው እንጂ ልጄስ ቆንጆ ናት።»

ይህን በስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳን ነግራኝ አታውቅም። ልቆጣት አፌን ስከፍት ለቅሶ ቀደመኝ።

ኤልናታን የቤተሰብ ጉዳይ ነው ብሎ ሊወጣ ብድግ አለ።

«ወዴት ነው?» አለችው እናቴ እንባዋን እየጠረገች። «ቁጭ በል። ለእነ መሸሻ እኔው እደውላለሁ። ይልቅ ሽማግሌዎችህ እነማን ናቸው?»