የወለተ ማርያም ወረፋ

«እስከ ልደታ ካላለቀ ለአሰፋች እሰጠዋለሁ» አለች አክስቷ የሺመቤት፣ ግማሹ ብቻ የተሰፋውን ሙዳይ እናኑ ጭን ላይ እያስቀመጠች። «ፈትታም ቢሆን እንደገና ትሰፋዋለች። ስለት ነው፤ እንዲህ ሆኖ አይቀርም።»

«እሺ» አለች እናኑ።

ከጥር ወዲህ ለሁሉም ነገር መልሷ «እሺ» ነው። ብዪ ሲሏት እሺ፤ ተኚ ሲሏት እሺ። የሺመቤት መጀመሪያ ጨዋነት መስሏት ነበር። አሁን አሁን ግን ያቺን ቃል በሰማች ቁጥር ፊቷ ይጨማደዳል።

ሙዳዩ የእናኑ እናት የወለተ ማርያም ነው። ዝናቡ ለሁለተኛ ዓመት ሲቀር፣ በ1977 ታኅሣሥ፣ ከአርማጭሆ ተነስተው በእግር ወደ ሱዳን ሲጓዙ ለማርያም ተስላ ነበር፤ «ልጄን ይዤ በሕይወት ከገባሁ፣ ለግንቦት ልደታ በእጄ በሰፋሁት ሙዳይ ንፍሮ አቀርባለሁ» ብላ። ገቡም። ወድ ኤል ሒለው አጠገብ ካለው መጠለያ በደረሱ በሳምንቱ ከወንዙ ዳር ሣር አጭዳ መስፋት ጀመረች። በወሩ ተቅማጥ ያዛትና በሦስተኛው ቀን ሞተች። እናኑ፣ ማርያም የስለቱን ግማሽ ብቻ ነው የፈጸመችው ብላ አሰበች፤ እንዲህ ማሰቧም አላስፈራትም። ምንም ነገር አያስፈራትም፤ ምንም ነገር አያስደስታትም። በቀብሩም ላይ አላለቀሰችም።

ሙዳዩ ሦስት ጣት ያህል ከፍ ብሏል። ወለተ ማርያም «ጌጡ ከዚህ ይጀምራል» ብላ ነበር፤ ምን ዓይነት ጌጥ እንደሆነ ግን አልተናገረችም። እሷ ከሰው አትቀዳም፤ አንድ ጊዜ የሰፋችውንም አትደግምም። አገር ቤት ሳሉ ጎረቤቶቿ «ይሄን ከየት አመጣሽው?» ሲሏት «በር ላይ ቁጭ ብዬ» ትላቸው ነበር። እነሱም ሙያዋን የምትደብቅ እየመሰላቸው ይቀየሟታል።

እናኑ በአሥራ አራት ዓመቷ ወስፌ አያያዝ አሳምራ ታውቃለች። የጠፋት የሚሰፋው ነገር ነው። ለልደታ የቀረው ስድስት ቀን ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ጎረቤታቸው አሰፋች መጣችና አጠገቧ ተቀመጠች። በመጠለያው ስፌት የሚያውቅ ሰው ቢጠራ ቀድማ አቤት የምትለው እሷ ናት።

«ምን ያስጨንቅሻል? መስቀል አድርጊበት። መስቀል የት ይሳሳታል?»

እናኑ ከጆንያ በተመዘዘ ቡናማ ክር መስቀል ሰፋችበት። አሰፋች በየሙዳዩ ላይ የምትሰፋው መስቀል ሆኖ ቁጭ አለ። ማታ ፈታችው።

በማግሥቱ ጓደኛዋ ኡምሰልማ ከእናቷ ቤት የምግብ መክደኛ ስፌት ይዛ መጣች፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ዓይን የሚያጥበረብር። ኡምሰልማ እዚሁ ሱዳን ያደገች ስለሆነች አማርኛዋ ውስጥ አረብኛ ሳይጠራ ይገባል።

«ይሄን ቅጂ። ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም! ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«ታዲያ እናትሽ ከየት ነበር የምታመጣው?»

«በር ላይ ቁጭ ብላ።»

«ያላ፣ እኛም ቁጭ እንበላ!»

ሁለቱም ድንኳኑ በር ላይ ተቀመጡ። ፀሐይዋ ትፋጃለች። አንድ አህያ አለፈ። አቧራ ተነሳና ተመልሶ ተኛ። ደግሞ ያው አህያ ተመለሰ።

«ምን አየሽ?» አለች ኡምሰልማ።

«ምንም።»

«እኔም ምንም። ኻላስ፣ ይሄ በር አይረባም።» ኡምሰልማ ቀሚሷን አራገፈችና ትንሽ አሰበች። «አንቺ ግን ቀኑን ሙሉ የምትቀመጪው በር ላይ ነው እንዴ? ውሃ ወረፋ ላይ አይደለም?»

እናኑ እሺ ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው።

በማግሥቱ ጠዋት ጀሪካኗን ይዛ ወደ ቧንቧው ሄደች። የውሃው መኪና እንደ ልማዱ ዘግይቷል። ወረፋው ከቧንቧው ጀምሮ እህል እስከሚታደልበት የሣር ዳስ፣ እስከ ራኩባው ድረስ ተዘርግቷል፤ የሰው ሳይሆን የዕቃ ወረፋ። ጀሪካን የሌለው ጣሳ፣ ጣሳ የሌለው ድንጋይ አስቀምጦ ወደ ጥላው ይሄዳል። ድንጋዩን ሁሉም ያውቀዋል፤ ወረፋው ሲንቀሳቀስ ከኋላው ያለው ሰው ወደ ፊት ይገፋለታል። ባለቤቱ ሳይመጣ ቧንቧው ጋ የደረሰ ድንጋይ ወደ መጨረሻው ይመለሳል።

ሌላ ቀን ቢሆን እናኑ ጀሪካኗን አስቀምጣ፣ ጀርባዋን ለወረፋው ሰጥታ ትቀመጥ ነበር። ዛሬ ፊቷን ወደ ወረፋው አዞረች። ድንጋይ፣ ድንጋይ፣ ዝገት የበላው ጣሳ፣ አንድ እግር ጫማ፣ ድንጋይ። ቀጥሎ አረንጓዴ ጨርቅ የታሰረበት ጠፍጣፋ ድንጋይ።

ጨርቁ የነጠላ ጥለት ነው። ጥለቱን ታውቀዋለች።

ውሃው መጣና ወረፋው ተንቀሳቀሰ። እማማ ያለምወርቅ የሚባሉ ሴትዮ ጎንበስ ብለው የራሳቸውን ጣሳ ገፉ፤ ከዚያ ያንን ድንጋይ በሁለት እጃቸው አንስተው ወደ ፊት አስቀመጡት።

«እማማ፣ ይሄ የማን ነው?»

«የወለተ ማርያም ነዋ።»

«እናቴ እኮ ሞታለች።»

«ቀብሯ ላይ ነበርኩ፣ ልጄ።»

«ታዲያ ለምን ትገፉታላችሁ?»

ሴትዮዋ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ። «በማግሥቱ ስንመጣ እዚሁ አገኘነው። ማን ያውጣው? እኔ ላውጣው? አንዱ ለአንዱ ሲተው፣ ሲተው ሦስት ወር ሞላው። ቧንቧው ጋ ሲደርስ ወደ ኋላ እንመልሰዋለን። በቃ፣ ልማድ ሆነ።»

እናኑ ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ እዚህ ነበረች። ይሄ ድንጋይ በየቀኑ አጠገቧ ሲያልፍ፣ ቧንቧው ጋ ሲደርስ፣ ሲመለስ አላየችውም። አንድ ቀን ራሷም ገፍታው ይሆናል። ድንጋዩ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ልቅሶ ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ አልመጣም። ከጨርቁ ጫፍ አንድ ክር ብቻ መዘዘችና መልሳ አጥብቃ አሰረችው።

ያን ቀንና የቀሩትን ሦስት ቀናት ሰፋች። በሣሩ ላይ ቡናማ ድንጋዮች ተራ በተራ ወጡ፤ ትንሽ፣ ትልቅ፣ አንዱ እንደ ጣሳ ረዘም ያለ፣ አንዱ እንደ ጫማ ጠመም ያለ። ሙዳይ ክብ ነውና ሰልፉ ዞሮ ዞሮ ራሱ ላይ ገጠመ፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው አይለይም። ከመሃላቸው አንዱ አረንጓዴ ነው። ክሩ ለዚያ ብቻ በቃ።

የሺመቤት ሙዳዩን ተቀብላ አገላበጠችው። «ምንድን ነው? ጠጠር ነው?»

«ወረፋ ነው።»

አክስቷ በጣቷ እየተከተለች አዞረችው። አረንጓዴው ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። «የእህቴ ጥለት» አለችና መቀነቷን ወደ ዓይኗ ወሰደች።

አሰፋችም መጥታ አየችው። ደጋግማ አየችው። «ከየት አመጣሽው?»

«ቁጭ ብዬ» አለች እናኑ።

አሰፋች ተቀየመች።

ለልደታ የእርዳታው ስንዴና ከየት እንደመጣ የማይታወቅ እፍኝ ሽምብራ ተቀቀለ። እንደ ደንቡ ውጭ፣ ሜዳው ላይ ተቀምጠው ከሙዳዩ በሉ። እናኑ ማንም ብዪ ሳይላት ሁለት ጊዜ ዘገነች፤ አክስቷ አይታ እንዳላየች ሆነች።

በነጋታው ወረፋው ላይ አዲስ ሰዎች ነበሩ። ሌሊቱን ከድንበር የገቡ ናቸው። ሕፃን ያዘለች አንዲት ሴት ባዶ ጣሳ ይዛ፣ የወረፋው ነገር ግራ ገብቷት ዳር ቆማለች። የወለተ ማርያም ድንጋይ ቧንቧው ጋ ደርሷል። እማማ ያለምወርቅ ወደ ኋላ ሊመልሱት ጎንበስ ሲሉ እናኑ ቀደመቻቸው።

«እትዬ፣ ይምጡ» አለች ሴቲቱን። «ተራዎ ደርሷል።»

«እኔ? አሁን መምጣቴ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ይምጡ።»

ከኋላ አንድ ሰው አጉረመረመ። «ወረፋ ሳትይዝ?»

«ይዛለች» አሉ እማማ ያለምወርቅ። «በወለተ ማርያም ወረፋ ነው።»

ያጉረመረመው መንገድ ለቀቀላት። ሴቲቱ ጣሳዋን ሞላች፤ መጀመሪያ ለሕፃኑ፣ ከዚያ ለራሷ። እናኑ ስታያት ጉሮሮዋ ደረቀ። ውሃ ጠምቷታል። መጠማቷን ካወቀች ስንት ጊዜዋ ነው።

ድንጋዩን አነሳች። ፀሐይ አሙቆታል። ወረፋውን በሙሉ አልፋ ከመጨረሻው ጣሳ ኋላ አስቀመጠችው፤ አረንጓዴው ጨርቅ እንዲታይም አዞረችው። ከዚያ ጀሪካኗን አጠገቡ አድርጋ፣ ፊቷን ወደ ወረፋው መልሳ ተቀመጠች።