በግራ የለመደች እጅ

በ፲፰፻፷፫ ዓ.ም.፣ ከተማይቱ በጠላት ጦር በተከበበች በአምስተኛው ወር፣ በቤተ መንግሥቱ የአትክልት ስፍራ በር ላይ ትእዛዝ ተለጠፈ፤ የአበባው መደብ ሁሉ በሦስት ቀን ውስጥ ተገልብጦ ድንች እንዲተከልበት፣ አትክልተኞችም እያንዳንዳቸው አንድ ሥር ብቻ በሸክላ ይዘው እንዲወጡ ይል ነበር።

የአበባው ሹም አላጉረመረመም፤ ሰው እየተራበ ስለ አበባ የሚሟገትበት ፊት አልነበረውም። ያስጨነቀው ሌላ ነው። አርባ ዓመት አብራው አፈር የቆፈረች ባለቤቱ ከሁለት ወር በፊት በተስቦ ሞታበታለች፤ የቀረችለትም፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ከዘር ዘር ስትመርጥ ቆይታ በመጨረሻ ያገኘቻት አንዲት አበባ ነበረች። ይህች አበባ አምና ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መጸው ሊያልቅ ሲል፣ ሌላው ሁሉ ከረገፈ በኋላ ፈካች፤ በቢጫ እምብርቷ ዙሪያ ቀጫጭን ነጫጭ የአበባ ቅጠሎች ዘረጋች፤ ብርዱ ሲጠናባትም ወደ ሐምራዊ ቀላች። ከእርሷ በቀር ሌላ ሥር የለም።

ይሁን እንጂ የመጸው አበቦች ሳይፈኩ ቅጠላቸው አንድ ነው፤ የሚለያቸው አጠገባቸው የሚተከለው የምልክት እንጨት ብቻ ነው። በዚያ ስፍራ ሥርዓት ምልክቱ ከአበባው በስተቀኝ ይቆማል፤ ባለቤቱ ግን ሙያውን ከሌላ ጌታ ቤት ተምራ የመጣች ነበረችና ሁልጊዜ በስተግራ ትተክላለች። እሱ «ሥርዓት አጥፊ!» ይላታል፤ እሷም «አበባው የኔ፣ እጁ የኔ፤ አንተን ምን አገባህ?» ትለዋለች፤ አርባ ዓመት ሙሉ በዚህ ሲነታረኩ ኖረዋል።

በሦስተኛው ቀን ሹሙ ሴት ልጁን አስከትሎ መደቡ አጠገብ ቆመ። ምልክቱ በሁለት ተክሎች መካከል ነበር።

«አባዬ፣ የትኛዋ ናት?»

«የእናትሽ ግትርነት ይጠፋኛል እንዴ? ምልክቱን በግራ ነው የምታደርገው፤ ስለዚህ በቀኝ በኩል ያለችው ናት።»

«ሁለቱንም ብንወስድስ?»

«በር ላይ ይፈትሻሉ፤ ልጄ። ደግሞ ምን ያጠራጥራል?» አለና ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። የቀረችውን ተክል መደቡን ሊቆፍሩ የመጡት ወታደሮች ከነሥሯ ገለበጧት።

መጸው ገና ሳይጋመስ በመስኮቱ ላይ ያለችው ሸክላ አበባ አወጣች። ቢጫ ናት፤ በየአጥሩ ሥር የምትገኘው ተራዋ ቢጫ። ልጅቱ ወደ አባቷ ዞረች።

«ምልክቱን የተከለችው እማዬ ራሷ ናት?»

«ራሷ ናት። ሊያማት ሳምንት ሲቀራት።»

«እንግዲያው አባዬ... ባንተ ሥርዓት፣ በስተቀኝ ነው የተከለችው።»

ሹሙ ሸክላዋን በሁለት እጁ ያዘ። «አርባ ዓመት እንቢ ብላኝ!» አለ። «ምነው ዘንድሮስ እንቢ ባለችኝ!» በልጁ ፊት ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

ከበባው በጊዜው አለፈ። የዘመኑ ጸሐፊዎች የቤተ መንግሥቱ አትክልት ከተማይቱን ከረሃብ እንዳተረፈ ጽፈዋል፤ እውነት ነው፤ አባትና ልጅም ከዚያው ድንች በልተው ተርፈዋል። ስለ አበባይቱ ግን የጻፈ የለም፤ ስም የላትምና ምን ብሎ ይጻፋት? አትክልተኛ አዲስ ላገኛት አበባ ስም የሚያወጣው ሁለት መጸው በአንድ መልክ ስትፈካ ካየ በኋላ ነው፤ ሴትዮዋም የሞተችው ሁለተኛውን እየጠበቀች ነበር።