ኬኔ ጎመን የተወችበት ምክንያት

መጀመሪያ የተሰማው ኮሽታ ነበር። ክኒን በፕላስቲክ ብልቃጥ ውስጥ ይንኳኳል፤ ያቆማል፤ ደግሞ ይጀምራል። ኢንስፔክተር ጸሐይወርቅ፣ ነቀምቴ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ካለው ቤት ስትገባ ብልቃጡን የሚነቀንቀው ባልየው ጋሩማ ነበር። ሚስቱ ኬኔ አልጋው ላይ ነጠላ ተሸፍናለች።

«የገደላት ይኼ ነው» አለ። «ለአጥንት ይጠቅማል ብላ ሕብረት ሸጠችልኝ።»

ሕብረት ገበያው ዳር ከዕፅዋት የተሠሩ ቫይታሚኖች የምትሸጥ ጎጃሜ ናት። በዚያው ቀን ታሰረች። ሰው ሁሉ መርዘኛ አላት፤ ልጆቿ ጎረቤት ቤት አደሩ።

ኢንስፔክተሯ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ የኬኔ ክንዶች እዚህም እዚያም በልዘው አየች። ጎረቤቶች ባሏን ጠረጠሩት። እሱ እጁን አንስቶባት እንደማያውቅ፣ ትንሽ ነገር ሲነካት እንደምትበልዝ ተናገረ። ኢንስፔክተሯ ጓሮ ስትወጣ ጎመኑ ሳይቀነጠስ አብቦ ቆሟል። ኬኔ አዲስ አበባ ልቧን ታክማ፣ ሰው ሠራሽ የልብ በር ተተክቶላት ከመጣች ወዲህ ጎመን ጠላሁ ትል ነበር አሉ።

የሆስፒታሉ ውጤት ሲመጣ ኢንስፔክተሯ ጋሩማን፣ ሕብረትንና ከጊምቢ የመጣችውን የኬኔን እህት ሊሊሴን ለቅሶው ቤት ጓዳ ሰበሰበች።

«መርዝ የለም» አለች። «ደሟ ረግቶ የተተከለላትን የልብ በር ዘጋው። ብልቃጡ ውስጥ ያለው የደረቀ ቅጠል ነው፤ ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለም። ኬኔ ግን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ትውጥ ነበር። ይበልዛት የነበረው ለዚያ ነው። እንደ ጎመን ያለ አረንጓዴ ቅጠል ደግሞ መድኃኒቱን ያከሽፈዋል። ጎመን የተወችው ጠልታው አይደለም።»

«መድኃኒት ከተወች ቆየች» አለ ጋሩማ። «ዋቃዮ ጌታ ፈውሷታል። በጉባኤ ፊት መስክራለች።»

«ወይዘሮ ሕብረት፣ ጋሩማ ካንቺ ሲገዛ ምን ጠየቅሽው?»

«የልብ ወይ የደም መድኃኒት ትወስዳለች ወይ አልኩት። ድናለች አለኝ። እኔም እልል አልኩለት።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ሊሊሴ ዞረች። ነቀምቴ ላይ ኬኔን የማያውቃት ፋርማሲ የለም፤ መድኃኒቱን ብትገዛ ወሬው ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል። ከሌላ ከተማ እየተመላለሰ የሚጠይቃት ደግሞ እህቷ ብቻ ናት።

«እኔ ነኝ የማመጣላት» አለች ሊሊሴ። «ቫይታሚኑን ግን አላውቅም ነበር።»

«ለምን አልነገረችኝም?» አለ ጋሩማ።

«ምን ብላ ትንገርህ፣ ኦቦ ጋሩማ? ፈውሷን እስከ አንገር ጉቲን ድረስ እየዞርክ ሰበክህ። እንንገረው ስላት፣ በሰው ፊት ያፍርብኛል ትለኛለች።»

ኢንስፔክተሯ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ኬኔ ክኒኑ ቅጠል መሆኑን ታውቅ ነበር?»

«ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን እኔው አነበብኩላት» አለ ጋሩማ። «መጀመሪያ ብልቃጡን አገላብጣ አየችው። ይቅርብኝ አለች። ውሃውን ይዤ እፊቷ ስቆም... ሳቅ ብላ ዋጠች።»

ሕብረት ልጆቿ ዘንድ እንድትሄድ ተፈቀደላት፤ እሷ ግን ተቀምጣ ታለቅስ ጀመር። ጋሩማ ተነሳ። በለቀስተኞቹ መሐል አለፈ። ወዴት ነው አሉት። ጫማውን እንኳ ሳያደርግ በሩን ወጥቶ፣ ፈውሷን እየሰበከ የዞረበትን መንገድ ይዞ ሄደ።